ዩዝድ ሳምሰንግ ኤ12፦ የአእምሮ ሕክምናውን ጨርሶ ስልክ መነካካት ለሚወድ ሰው

የንግግር ሕክምና ማብቂያ አለው። በየሳምንቱ የነበረው ቀጠሮ በየወሩ ይሆናል፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ፣ በመጨረሻም ባለሙያው "ካስፈለገህ በሩ ክፍት ነው" ብሎ ያሰናብታል። ከዚያ በኋላ የቤት ሥራ የሚሰጥ የለም፣ ሳምንቱ እንዴት ነበር ብሎ የሚጠይቅም የለም። የድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ረጅም ነው። ስልክ መነካካት፣ ማለትም ሴቲንጉን መቀያየርና መፈታታት፣ የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። ድባቴ ሲገባ ሰው ቀድሞ የሚተወው የሚወደውን ነገር ነው፤ ሕክምናውም ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ መጀመሪያና መጨረሻ ያላቸውን ትንንሽ ሥራዎች ቀስ በቀስ ወደ ቀኑ መመለስ ነው። ስልክ በእንዲህ ዓይነት ሥራዎች የተሞላ ነው። ግን የተገኘው ስልክ ሁሉ፣ በተገኘው ሰዓት፣ በተገኘው አያያዝ አይሆንም።

የምንገመግመው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ12ን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣ፣ አሁን ታይዋንና አሸዋ በሚባሉት የድሬዳዋ ገበያዎች በዩዝድነት የሚሸጥ ስልክ። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ለዋና ስልክነት ቀርፋፋ ነው፣ ከ5 ሁለት ተኩል ይበቃዋል። ለመነካካትና የሕክምናውን ክትትል ለመያዝ ግን 4 እንሰጠዋለን። ባትሪው 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፣ የሚሞሪ ካርድ ቦታው ከሲም ቦታ አይሻማም፣ የኢርፎን ቀዳዳ አለው፣ የመለዋወጫ እጥረት የለበትም፣ ቢበላሽም ልብ የሚሰብር ዋጋ የለውም። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም፤ ገና ከሕመም የወጣ ሰው የሚነካካው ዕቃ ቢበላሽ የማያስጨንቅ መሆን አለበት።

ሱቅ ላይ

መጀመሪያ ሞዴሉን ለዩ። በኤ12 ስም የሚሸጡት ሁለት ናቸው። ኤ125 የሚለው ሚዲያቴክ ሂሊዮ ፒ35 ፕሮሰሰር ያለው ነው፤ በአንድሮይድ 10 ወጥቶ እስከ 12 ደርሷል። ኤ127 የሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኤግዚኖስ 850 ያለበት ሲሆን ትንሽ ይፈጥናል። ሴቲንግስ ውስጥ አባውት ፎን ብትገቡ የሞዴሉ ቁጥር ይታያል። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ከቀረቡ ኤ127ን ውሰዱ። ከዚህ የሚበልጠው ግን ራሙና ማስቀመጫው ነው። 3 ጂቢ ራም ከ32 ጂቢ ማስቀመጫ ጋር ያለውን ተዉት። ሲስተሙ ራሱ ብዙውን ቦታ ይይዘዋል፣ ቴሌግራም የቀረውን ይጨርሰዋል፣ ከዚያ ስልኩ አንድ ነገር ለመክፈት ያንገታግታል። 4 ጂቢ ራም ከ64 ወይም ከ128 ጋር ፈልጉ።

ቀጥሎ የጉግል አካውንት ነው። "ወንድም፣ የድሮው አካውንት ወጥቷል?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። "ወጥቷል" ቢላችሁም እዚያው ፊታችሁ ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ ፋክተሪ ሪሴት ያድርገው፣ ማለትም ውስጡን ሁሉ ይሰርዘው። ስልኩ ተነስቶ የቀድሞውን ባለቤት ኢሜይል ከጠየቀ ትታችሁ ውጡ፤ ያ ስልክ ወይ የተሰረቀ ነው፣ ወይ ደግሞ መክፈቻው ሌላ ወጪ ነው። ቀጥሎ *#06# ደውሉ፣ የሚወጣውን የአይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ) ቁጥር ከካርቶኑ ወይም ከስልኩ ጀርባ ጋር አስተያዩ።

ከዚያ *#0*# ደውሉ። የሳምሰንግ የመሞከሪያ ገጽ ይከፈታል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚሉትን ነክታችሁ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም መስመር ፈልጉ። ተች የሚለውን ከፍታችሁ ሳጥኖቹን ሁሉ በጣት አልፉባቸው፤ የማይቀባ ሳጥን ካለ ስክሪኑ ተቀይሮ ይሆናል ወይም ወድቆ ያውቃል። የጎኑን የጣት አሻራ ከአንዴ በላይ ሞክሩ። ኢርፎን ሰክታችሁ ራዲዮ ካለው ክፈቱ፤ ኢርፎኑ አንቴናው ስለሆነ ያለሱ አይሠራም። ቻርጀር ሰክታችሁ ገመዱን ቀስ አድርጋችሁ ወዘወዝ ስታደርጉት ቻርጁ የሚቆራረጥ ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ አቧራ ተጠቅጥቋል ወይም ቀዳዳው ላልቷል። በዚህ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው። ስልኩን አጥፍቶ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብሎ ማውጣት ይቻላል፤ በመርፌ ግን አይሞከርም፣ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን መዳብ መስመሮች ያነካካል።

የሰው ብዛት ለሚያስጨንቃቸው፣ ታይዋን በከሰዓት በኋላው ግርግር የሚገባበት አይደለም። ሕክምናው ላይ የተማራችሁትን ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ እዚህ ተጠቀሙበት። መጀመሪያ ጠዋት ሱቆች ሲከፈቱ ዞር ዞር ብላችሁ ውጡ። በሌላ ቀን ሳትገዙ ዋጋ ብቻ ጠይቁ። ቀጥሎ አንድ ገመድ ግዙ፣ ተከራከሩም። ስልኩን መግዛት ከዚህ በኋላ ይምጣ። በየደረጃው ጭንቀቱ ራሱ እስኪቀንስ ድረስ እዚያው ቆዩ፤ ጭንቀቱ ጣሪያ ሲነካ ሸሽቶ መውጣት "እንኳን አመለጥኩ" የሚለውን ስሜት ስለሚያጠናክር በሚቀጥለው ይብሳል። ደላላ ወይም ጓደኛ ሁልጊዜ አብሮ ካለ ደግሞ ልምምዱ የእናንተ ሳይሆን የእሱ ይሆናል።

ቻርጀሩን ችላ አትበሉ። የኤ12 ትክክለኛ ቻርጀር 15 ዋት ነው፤ ላዩ ላይ 9 ቮልት 1.67 አምፔር የሚል ጽሑፍ አለው። 5 ቮልት 1 አምፔር የሚሉት ርካሾቹ ይህንን ባትሪ ለመሙላት ከ5 ሰዓት በላይ ይፈልጋሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ያ ማለት ማታ ማንቂያው ሳይጮህ ስልኩ ሞቶ ይገኛል ማለት ነው።

የመድኃኒት ማንቂያው

በዚህ ስልክ ላይ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ሥራ ይህ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

የንግግር ሕክምና አለቀ ማለት መድኃኒት አለቀ ማለት አይደለም። ለድባቴ መድኃኒት የጀመረ ሰው ምልክቶቹ ከጠፉለት በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይመክራል። ለባይፖላር (ስሜት ከመጠን በላይ ከፍና ዝቅ ለሚልበት ሕመም) እና ለሳይኮሲስ (የሌለ ነገር ለሚሰማበት ወይም ለሚታመንበት ሕመም) ጊዜው ከዚያም ይረዝማል። መቼና በምን ያህል እንደሚቀነስ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በድንገት ማቋረጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዴም ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረ የሚመስል ስሜት ያመጣል፤ ሰውም ይህን ሕመሙ የተመለሰ ይመስለዋል። ጸበል የሚጠመቅም ሆነ ዱዓ የሚያስደርግ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሊያደርገው ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ለማንቂያ የሚያስፈልገው የስልኩ የራሱ ሰዓት አፕ ብቻ ነው። የመድኃኒት ማስታወሻ ተብለው የሚወርዱ አፖች ጥሩዎች ቢኖሩም ሳምሰንግ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ያስተኛቸዋል፤ ለጥቂት ቀን ካልተከፈቱ ዝም ይላሉ። የሰዓቱ አፕ ግን አይተኛም፣ ዱ ኖት ዲስተርብ ቢበራም በተለመደው አቀማመጥ ይጮኻል። የማይጮኸው ስልኩ ከጠፋ ወይም የማንቂያው ድምፅ ወደ ዜሮ ከወረደ ብቻ ነው። የማንቂያ ድምፅ ከጥሪ ድምፅ የተለየ ማስተካከያ እንዳለው ልብ በሉ። ሰዓት አፑ ውስጥ ማንቂያውን ከፍታችሁ የማንቂያ ድምፅ የሚለው ውስጥ ያለውን የድምፅ መስመር ከፍ አድርጉ።

ቀጥሎ የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ማታ 3 ሰዓት መውሰድ ያለበት ሰው 3:00 ብሎ ኤኤም ላይ ቢተወው ስልኩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይቀሰቅሰዋል። አንድ መድኃኒት ያልፋል፣ እንቅልፍም ይበላሻል፣ የእንቅልፍ መበላሸት ደግሞ ለብዙ የአእምሮ ሕመም ማገርሻ ነው። መድኃኒቱ በሰዓቱ ከገባ እንኳ ሁለተኛው ጥፋት ብቻውን ይበቃል። ስለዚህ ሴቲንግስ ውስጥ ጀነራል ማኔጅመንት፣ ዴት ኤንድ ታይም ገብታችሁ የ24 ሰዓቱን አብሩ። ከዚያ ጠዋት 2 ሰዓት 08:00፣ ማታ 3 ሰዓት 21:00 ይሆናል፤ ኤኤምና ፒኤም የሚባል ውዥንብር አይኖርም።

ማንቂያው ላይ ስም ሲጻፍ የመድኃኒቱን ስም አትጻፉ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲጮህ ሰው ያነበዋል፣ ጥያቄም ይከተላል። "ውሃ" ወይም "እራት" ይበቃል። ኖቲፊኬሽን ውስጥ ሎክ ስክሪን ላይ ይዘቱን ደብቅ የሚለውን ምረጡ። ሁለተኛ ማንቂያ ከመጀመሪያው 30 ደቂቃ ዘግይቶ ጨምሩ፤ የመጀመሪያውን በእንቅልፍ ልብ ያጠፋ ሰው በሁለተኛው ይያዛል። ማንቂያውን የምታጠፉት መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ ነው፣ ልዋጠው ብላችሁ ስትነሱ አይደለም።

ለቀጠሮ ደግሞ የጉግል ካሌንደር ሁለት ማስታወሻ አድርጉ። አንዱ ከ7 ቀን በፊት፣ መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደሚቀረው ለመቁጠር። ሌላው ከ1 ቀን በፊት። ድል ጮራ ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ክትትል ያለው ሰው መድኃኒቱ ያለቀበት ቀን ላይ ቢደርስ፣ ያ ቀን እሑድ ወይም በዓል ሆኖ ሊቆየው ይችላል።

ሌላ አፕ ማስታወሻ እንዲልክላችሁ ከፈለጋችሁ ደግሞ ባትሪ ኤንድ ዲቫይስ ኬር፣ ባትሪ፣ ባክግራውንድ ዩሴጅ ሊሚትስ ግቡና ኔቨር ስሊፒንግ አፕስ ውስጥ ጨምሩት። ብዙ ሰው "አፑ አይሠራም" ብሎ የሚያጠፋው ይህን ሳያደርግ ነው።

ምን ይነካካል

ዋናው ሕግ አንድ ቁጭታ፣ አንድ ሥራ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማለቂያው ይታወቅ። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ የሚወስድ ይሁን፣ ሲያልቅም ስልኩ ይቀመጥ። ስልክ "አሁን ይህን ቀየርኩ" የሚያሰኝ ጥቂት ደስታ ይሰጣል፤ ይሄ ደስታ የሚጠቅመው ሲያልቅ ነው። ሳያልቅ ሲቀጥል ሌላ ነገር ነው፣ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ጥሩ መጀመሪያ የሚሆነው አኒሜሽን ማሳጠር ነው። አባውት ፎን፣ ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን ውስጥ ቢልድ ነምበርን 7 ጊዜ ተጫኑ። ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ይከፈታል። ወደ ታች ወርዳችሁ ዊንዶው፣ ትራንዚሽንና አኒሜተር የሚሉትን ሦስቱንም ወደ 0.5 ቀይሩ። ኤ12 ወዲያው የቀለለው ይመስላል። እዚያው ያሉትን ሌሎቹን ግን አትንኩ። በተለይ ባክግራውንድ ፕሮሰስ ሊሚትና ዶንት ኪፕ አክቲቪቲስ የሚሉት የአፖችን ሥራ ስለሚያቋርጡ ማስታወሻዎች መድረሳቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ።

ሁለተኛው ላውንቸር (የፊት ገጹን የሚያሳየውን አፕ) መቀየር ነው። ኦላንቸር የሚባለው ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ አዶዎች የሉትም፤ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያሳየው። ፌስቡክና ቲክቶክን ከፊት ገጽ አውጥቶ ስልክ፣ ሰዓት፣ ሬዲዮና ካሜራ ብቻ የተወ ሰው ስልኩን በከፈተ ቁጥር አይጠለፍም። ባይስማማችሁ በአፕስ፣ ዲፎልት አፕስ፣ ሆም አፕ በኩል የሳምሰንጉን መመለስ ይቻላል። ጥቁር ገጽታ ባትሪ ይቆጥባል የሚለውን ወሬ ግን በዚህ ስልክ ላይ እርሱት፤ ስክሪኑ ኤልሲዲ ስለሆነ ከኋላው ያለው መብራት ጥቁርም ቢሆን ይበራል።

ሉፕ ሃቢት ትራከር የተባለው አፕ ከሁሉ ይበልጥ ልንናገርለት የምንወደው ነው። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ መረጃው ከስልኩ አይወጣም። ሌሎች የልማድ አፖች "ስንት ቀን በተከታታይ" ብለው ይቆጥሩና አንድ ቀን ሲዘለል ወደ ዜሮ ይመልሱታል። ከድባቴ ለወጣ ሰው ያ ዜሮ ክፉ ነው፤ "ይኸው አልቻልኩም" የሚለውን የቆየ ሐሳብ ይቀሰቅሳል። የሉፕ ውጤት ግን አንድ ቀን ሲዘለል በትንሹ ይቀንሳል እንጂ አይፈርስም። ልማዱን "በሳምንት 3 ጊዜ" ብሎ ማስገባትም ይቻላል። ከ4 በላይ ልማድ አታስገቡ። "ከ12 ሰዓት በፊት ከቤት መውጣት"፣ "ለአንድ ሰው መደወል"፣ "ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት መተኛት" እንደሚሉት ያሉ የሚቆጠሩ ነገሮች ይሁኑ፤ "ደስተኛ መሆን" ልማድ አይደለም። ምልክት የሚደረገው ተጭኖ በመቆየት ነው፣ በአጭሩ መንካት የሚሻላችሁ ሴቲንጉ ውስጥ ይቀየራል።

ዴይሊዮ የስሜት መዝገብ ነው፤ በአምስት ፊቶች አንዱን ትመርጣላችሁ፣ ከሥሩ የሠራችሁትን ትነካላችሁ። ነፃው ማስታወቂያ አለው፣ ግን ይበቃል። ከሥሩ በአማርኛ "ጫት"፣ "ጥሩ እንቅልፍ"፣ "ከሰው ጋር"፣ "መድኃኒት" የሚሉ ጨምሩ። ከአንድ ወር በኋላ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚመጣ ራሱ ያሳያል፣ ቀጠሮ ላይም ሐኪሙ በአፍ ከሚነገረው ይበልጥ በዚህ ይጠቀማል። በቀን አንዴ ብቻ ሙሉት፣ ማታ። በየሰዓቱ "አሁን እንዴት ነኝ?" ብሎ ራስን መመርመር ጭንቀት ላለበት ሰው አዲስ ጭንቀት ነው።

ሚሞሪ ካርድ ስትገዙ አንድ ሥራ አለ። ገበያ ላይ 128 ጂቢ የተጻፈባቸው፣ ውስጣቸው ግን ጥቂት ጂቢ ብቻ የሆነ ካርዶች አሉ። ኮምፒውተር ስለ ካርዱ 128 ብሎ ያሳያል፣ ፋይል ሲበዛ ግን የቀደሙት ይበላሻሉ። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባል ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ካርዱን ሙሉ በሙሉ ጽፎ አንብቦ መፈተሽ ይቻላል። ካርዱ ትልቅ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል፤ ጠዋት አስጀምሩትና ሌላ ሥራ ሥሩ።

ባትሪ መቀየር ለብዙ ሰው ፈተና የሚሆነው ሥራ ነው። ከኤ21ኤስ ባትሪ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ መገኘቱ አይቸግርም። ጀርባው ከመከፈቱ በፊት የሲም ትሪው መውጣት አለበት፣ አለበለዚያ ይሰበራል። ውስጥ ከተገባ በኋላ መጀመሪያ የሚነቀለው የባትሪው ማገናኛ ነው። ባትሪው በማጣበቂያ ስለተያዘ በብረት የሚፈነቅሉት አሉ፤ ተወግቶ ከተበሳ ይቀጣጠላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ጠጋኝ ጋር ሄዳችሁ ሲሠራ ቆማችሁ እዩ። ቡትሎደር (ስልኩን የሚያስነሳውን ቁልፍ ፕሮግራም) ከፍቶ ሌላ ሮም፣ ማለትም ሌላ ሲስተም፣ መጫን ደግሞ በዚህ ስልክ ላይ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ኖክስ የሚባለውን የሳምሰንግ ደህንነት መጠበቂያ ለዘለቄታው ይሰብራል፣ አልሳካ ካለም ሌሊቱን ሙሉ ያስቀምጣል።

ምሽቱና ምርቃናው

ዲጂታል ዌልቢንግ ውስጥ ያለው የአፕ ጊዜ ገደብ ጥሩ ይመስላል፣ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። የሚታደሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ ውሎ ምርቃናው ያልወረደለት ሰው ቲክቶክን በ1 ሰዓት ገድቦ ከነበረ፣ ስልኩ በጣም በሚጎዳበት ሰዓት አዲስ 1 ሰዓት ያገኛል። ስለዚህ ገደቡን ሳይሆን ቤድታይም ሞድን ተጠቀሙ። ከማታ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋት 12 ሰዓት ስክሪኑን ግራጫ ያደርገዋል፣ ድምፅም ያጠፋል፤ ማንቂያው ግን ይጮኻል። ከዚያ በተሻለ የሚሠራው ቻርጀሩን ከመኝታ ክፍል ማውጣት ነው።

ስለ ጫት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። እንቅልፍን ይነሳል፣ ሳይኮሲስ ወይም ባይፖላር ላለበት ሰው ማገርሻ ሊሆን ይችላል። ሙሉ በሙሉ ማቆም ያቃተው ሰው እንኳ መጠኑንና ሰዓቱን ለሐኪሙ በግልጽ ቢናገር መድኃኒቱ በልኩ ይታያል። ከምርቃና ለመውረድ ሲባል የሚጠጣው ጨብሲ (አልኮል) ግን ከመድኃኒት ጋር አደገኛ ነው።

መነካካቱ ራሱ ምልክት ሲሆን

ባይፖላር ያለበት ሰው ለሁለት ሌሊት ሳይተኛ ስልክ እየፈታታ ድካም ካልተሰማው፣ ሦስት አራት ስልክ ካከታተለ፣ "ጥገና ሱቅ ልከፍት ነው" እያለ የሰው ገንዘብ ከተበደረ፣ ያ ትጋት አይደለም። የማኒያ (ስሜት ከመጠን በላይ የሚወጣበት ጊዜ) መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮው ሳይደርስ መታየት አለበት። ኦሲዲ (ሐሳብና ድርጊት እንዲደጋገም የሚያስገድድ ሕመም) ያለበት ሰው ስልኩን በተደጋጋሚ ሪሴት ካደረገ፣ ወይም አንድ ሴቲንግ ጠፍቷል በርቷል እያለ ደጋግሞ ካረጋገጠ፣ መነካካቱ ወደ ሕመሙ ገብቷል። ሳይኮሲስ የነበረበት ሰው የማይክሮፎንና የካሜራ ፈቃዶችን አንዴ ማስተካከሉ ጥሩ ነው። "በስልኩ እየሰሙኝ ነው" የሚለው ከተመለሰ ግን መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ አይገኝም፤ ስልኩ ለቤተሰብ ይሰጥና ሐኪም ጋር ይሂድ።

እነዚህን ምልክቶች በመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች ከባለሙያው ጋር ጻፏቸው። ሦስት ክፍል ይበቃል፦ ሕመሙ ሲመለስ ቀድሞ የሚታይብኝ ምንድን ነው፣ ያን ጊዜ የሚረዳኝ ምንድን ነው፣ ለማን እደውላለሁ። ስልኩ ላይ በማስታወሻ ዊጄት የፊት ገጽ ላይ አውጡት፣ በወረቀትም ገልብጣችሁ ለአንድ የቤተሰብ ሰው ስጡ። ስልክ ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል።

ፒኤችኪው-9 የሚባለውን 9 ጥያቄ ያለው የድባቴ መለኪያ በወር አንዴ መሙላት ይቻላል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፣ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀጠሮ ማቅረብ ተገቢ ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ነው። እዚያ ላይ ከ0 በላይ ከሆነ ድምሩን አትጠብቁ፣ ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ በዚያው ቀን ባለሙያ ይያችሁ፤ ሐሳቡ ከበረታ በቀጥታ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ሙቀትና ጾም

የሊቲየም ባትሪ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቻርጅ ሲደረግ ዕድሜው ይቀንሳል፤ ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ቻርጅ የሚደረገው በንጋት ወይም ማታ ይሁን፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ከመስኮት ርቆ፣ ሽፋኑ ወልቆ። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ለሚኖር ሰው ይህ ያን ያህል አያሳስብም።

ከባትሪው ይልቅ መድኃኒቱ ያሳስባል። ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም ካርቦኔት የሚወስድ ሰው በላብ ብዙ ውሃና ጨው ካጣ የመድኃኒቱ መጠን ደም ውስጥ ይጨምራል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥ፣ መንገዳገድ፣ አንደበት መያያዝ ከታዩ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። በስልኩ ላይ በየ2 ሰዓቱ የሚጮህ የውሃ ማንቂያ ለዚህ ሰው ትርፍ ጌጥ አይደለም። ክሎርፕሮማዚንን የመሳሰሉ የሳይኮሲስ መድኃኒቶችም ሰውነት ሙቀትን የመቋቋም አቅሙን ይቀንሳሉ፤ በቀትር ፀሐይ ገበያ ለመዞር ሰዓቱን ምረጡ።

ረመዳን ሲገባ የመድኃኒት ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ሊዛወር ይችላል፣ ግን ሁሉም መድኃኒት አይደለም፣ ሊቲየም ደግሞ በተለይ ይጠየቅበታል። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪሙ ጋር ይነገር። ሰዓቱ ከተወሰነ በኋላ ማንቂያዎቹን አትቀይሩ፤ "ረመዳን" የሚል ስም ያላቸው ሌሎች ማንቂያዎች ፍጠሩና ለወሩ ብቻ አብሯቸው፣ የድሮዎቹን አጥፉ። ዒድ ሲሆን የድሮዎቹን መልሶ ማብራት ብቻ ነው። በዐቢይ ጾም ከምግብ ጋር የሚወሰድ የጠዋት ክኒን ላለው ሰውም እንዲሁ ነው።

ስልኩን ስትሸጡት

ተነካክቶ የጠገባችሁትን ስልክ ለሌላ ስታስተላልፉ ውስጡ የስሜት መዝገባችሁ፣ የመድኃኒት ሰዓታችሁና የቀጠሮ ቀናችሁ አለ። መጀመሪያ ከሉፕ ሴቲንግ ሙሉ ባክአፑን አውጡ፤ አንድ ፋይል ነው፣ አዲሱ ስልክ ላይ ኢምፖርት ይደረጋል። ዴይሊዮን ወደ ጉግል ድራይቭ ባክአፕ አድርጉ። ሚሞሪ ካርዱንና ሲሙን አውጡ። ቀጥሎ ሴቲንግስ፣ አካውንትስ ገብታችሁ የጉግሉንም የሳምሰንጉንም አካውንት አስወግዱ፣ ከዚያ ብቻ ፋክተሪ ሪሴት አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ገዢው ታይዋን ደርሶ በእናንተ ኢሜይል የተቆለፈ ስልክ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ማንቂያዎቹ በአዲሱ ስልክ ላይ በራሳቸው ላይመጡ ስለሚችሉ፣ አሮጌው ሳይሰረዝ በፊት አንድ ምሽት ሁለቱም ሲጮኹ ጎን ለጎን አረጋግጡ።